አልፋ እና ቢግ በርታ፦ ደሴ ላይ የሁለት አሮጌ ሞዴል ሮኬቶች ጥገና ማስታወሻ

ጥቅምት 4

ጠረጴዛው ላይ ያለው ይህ ነው፦ ተገጣጥሞ የተጎዳ አንድ አልፋ፣ ከነከረጢቱ ያልተገጣጠመ አንድ ቢግ በርታ፣ ከየትኛው ኪት (ለመገጣጠም የተዘጋጀ ጥቅል) እንደመጣ የማይታወቅ ባዶ የካርቶን ቱቦ፣ ሁለት ያልተተኮሱ ሞተሮች፣ አንድ የተተኮሰ። ሁለቱም የአሜሪካው ሞዴል ሮኬት አምራች የኤስተስ ኩባንያ ሥሪት ናቸው፤ ከካርቶንና ከቀላል እንጨት የሚሠሩ፣ በባሩድ ሞተር ተነሥተው በፓራሹት የሚወርዱ ትንንሽ ሮኬቶች። ከውጭ በሻንጣ ገብተው ዓመታት ቁም ሳጥን ሥር ከርመዋል፤ የበርታን ከረጢት አይጥ ቀዳዋለች።

ዕድሜያቸውን የሚናገረው የከረጢቱ አድራሻ ነው። ቨርን ኤስተስ ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1958 ዴንቨር ላይ ሲሆን ወደ ፔንሮዝ፣ ኮሎራዶ የዞረው በ1961 ነው። ስለዚህ ዴንቨር የሚል ወረቀት ያገኘ ሰው ብርቅ ዕቃ ይዟል። ፔንሮዝ ከሚለው ቀጥሎ 81240 የሚል ቁጥር ካለ ዕቃው ከ1963 ወዲህ ነው፤ አሜሪካ ባለ አምስት አሃዙን የፖስታ ቁጥር ያመጣችው ያኔ ነው። ዴሞን የሚል ስም ከታከለበት ደግሞ ከ1969 ወዲህ ነው፤ ኩባንያው ለዴሞን የተሸጠው በዚያ ዓመት ስለሆነ። የኛ በርታ ፔንሮዝንም፣ ቁጥሩንም፣ ዴሞንንም ይዛለች፤ ማለትም ከ1969 አትቀድምም።

ዛሬ የተጠረገም የተጎተተም ነገር የለም። ፎቶ፣ ልኬት፣ ክብደት ብቻ። ክብደቱ የተወሰደው ፒያሳ ወርቅ ቤት ነው። የእህል ሚዛን እዚህ አይጠቅምም፤ የአንድ ክንፍ ክብደት ከ3 ግራም በታች ነው፣ የወርቅ ሚዛን ግን የግራም መቶኛን ያነባል። ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይበዛ መሄድ ነው።

ጥቅምት 5

የቱቦ ልኬት። ይህን የዘለለ ሰው ኋላ ላይ ሞተሩን የሚይዘው ቀለበት አልገባ፣ አፍንጫው አልያዝ ይለዋል። የኤስተስ ቱቦዎች የውጭ እና የውስጥ ስፋት እንዲህ ነው፦ ቢቲ-20 18.7 እና 18.0 ሚሊ ሜትር፤ ቢቲ-50 24.8 እና 24.1፤ ቢቲ-60 41.6 እና 40.5። አልፋ የሚሠራው በቢቲ-50 ነው፣ በርታ በቢቲ-60። የሞተሩ ማደሪያ በሁለቱም ቢቲ-20 ነው፤ ሞተሩ 18 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 70 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው።

ባዶው ቱቦ ከውጭ 26.4 ሚሊ ሜትር ወጣ። የኤስተስ አይደለም ማለት ነው። በ1960ዎቹ ፊኒክስ፣ አሪዞና ላይ ይሠራ የነበረው ሴንቹሪ ኩባንያ ቱቦዎቹን በሌላ መለኪያ ነበር የሚያወጣው፤ ኤስቲ-10 የሚባለው የውስጥ ስፋቱ ልክ አንድ ኢንች፣ የውጩ 1.04 ኢንች ነው፤ ወደ 26.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ለአልፋ መለዋወጫ እናደርገዋለን ብለን ነበር። በዓይን ሲያዩት እኩል ይመስላል፣ የአልፋ አፍንጫ ግን ውስጡ ይንቀጫቀጫል። ወደ ጎን ተቀመጠ።

ጥቅምት 7

የበርታ ክንፎች የታተሙበት የባልሳ ገበታ፣ የመመሪያው ወረቀት እና በውሃ የሚለጠፈው ስቲከር በ600 ዲፒአይ ስካን ተደረጉ። ባልሳ ከደቡብና ከመካከለኛው አሜሪካ የሚመጣ እጅግ ቀላል እንጨት ነው፤ ደሴ ቀርቶ አዲስ አበባም ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ስለዚህ ከገበታው ላይ አንድ ክንፍ እንኳ ሳይነሳ ቅርጹ መገልበጥ አለበት።

ፎቶ ኮፒ ላይ የሚፈጠር ስህተት አለ። ማሽኑ መቶ ፐርሰንት ቢልም ወረቀቱን በአንድ አቅጣጫ ትንሽ ይስበዋል። የኛ 150 ሚሊ ሜትር መስመር 148 ሆኖ ወጣ። በአንድ ክንፍ ላይ ብዙም አይታይ ይሆናል፣ በቱቦ ዙሪያ የክንፍ ቦታ የሚያመለክት ወረቀት ላይ ግን ጫፍና ጫፉ አይገናኝም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ስካን ከሚደረገው ዕቃ ጎን ማስመሪያ አብሮ ይተኛ፣ ሲታተም ማስመሪያው በማስመሪያ ይለካ። ልዩነት ካለ መጠኑ ኮምፒውተር ላይ ይስተካከላል።

ጥቅምት 8

ሞተሮቹ። በላያቸው ላይ ያለው ምልክት እንዲህ ይነበባል፦ ቢ6-4 ቢል፣ ፊደሉ ጠቅላላ ጉልበቱ ነው (ኤ እስከ 2.5 ኒውተን ሴኮንድ፣ ቢ እስከ 5፣ ሲ እስከ 10፤ በየፊደሉ እጥፍ ይሆናል)፣ መሐል ያለው ቁጥር አማካይ ግፊቱ በኒውተን፣ የመጨረሻው ደግሞ ባሩዱ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱ እስኪወጣ ያለው ሴኮንድ ነው። ኤ.8-3 ተብሎ ከፊደሉ ቀጥሎ ነጥብ ካለበት ግን ጥንታዊ ነው፤ ግፊቱ በፓውንድ የተጻፈበት ዘመን ነው፣ 0.8 ፓውንድ ወደ 3.6 ኒውተን።

ከኛ ሁለቱ አንደኛው እንዲህ ያለ ነጥብ አለው። ለሰብሳቢ የሚያጓጓ ነው፣ ለመተኮስ ግን ፈጽሞ አይሆንም። ውስጡ የተጠቀጠቀ ጥቁር ባሩድ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜ እየተፈራረቀበት ሲከርም ባሩዱ ከካርቶኑ ግድግዳ ይላቀቃል ወይም ይሰነጠቃል፤ እሳቱ በስንጥቁ ገብቶ በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ ሞተሩም ይፈነዳል። ደሴና ኮምቦልቻን አስቡ፦ አንዱ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ሌላው 1,850 ሜትር ገደማ፣ ሻንጣ በሁለቱ መካከል ሲመላለስ ምን ያህል ሙቀት እንደሚፈራረቅበት።

የተደረገው ይህ ነው፦ ሁለቱም ፎቶ ተነሥተው፣ ተለክተው፣ ባልዲ ውሃ ውስጥ ገቡ። ካርቶኑ አብጦ እስኪተረተር፣ ባሩዱ ጭቃ እስኪሆን ይቆያሉ። አይበሱም፣ አይሰነጠቁም፣ ባሩዱ ተጠራቅሞ አይደርቅም። የተተኮሰው ባዶ ካርቶን ግን ወርቅ ነው፤ ለልኬትም፣ ቱቦ ለመጠቅለያም ያገለግላል። ሞተር ቤት ውስጥ መሥራት ደግሞ ከዚህ ሥራ ውስጥ የለም። ሮኬቶቹ ለመደርደሪያ ናቸው፤ ቢሆንም ለመብረር ብቁ እንደሆኑ ይጠገናሉ፣ ያለዚያ ጥገና ሳይሆን አሻንጉሊት መቀባት ነው።

ጥቅምት 12

አልፋ ተፈታ። ሦስት ክንፍ ያለው፣ 31 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ያለ ሞተር 23 ግራም አካባቢ የሚመዝን ትንሽ ሮኬት ነው። ጉዳቱ፦ አንድ ክንፍ ከሥሩ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ተሰብሯል (ስባሪው አለ)፤ አፍንጫውን ከቱቦው ጋር የሚያያዘው ላስቲክ ቀልጦ እንደ ማስቲካ ሆኗል፤ ቱቦው አናት ላይ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ስርጉድ አለ።

ስርጉዱን የሞዴል ሮኬት ሰዎች የኤስተስ ስርጉድ እያሉ ይቀልዱበታል። ላስቲኩ ሲያጥር አፍንጫው ተስፈንጥሮ ይወጣና በዚያው ኃይል ተመልሶ ቱቦውን ይመታል። መድኃኒቱ ላስቲኩን ማስረዘም ነው፤ ቢያንስ የሮኬቱን ቁመት ያህል፣ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል።

የቀለጠውን ላስቲክ በቲነር ማጠብ ያምራል፤ አይደረግም። ቲነሩ የቱቦውን ቀለምም ይዞ ይሄዳል። በቁራሽ ካኪ ወረቀት ላይ ጥቂት ዱቄት (የሕፃን ፓውደር) ነስንሶ ላስቲኩን እያንከባለሉ ማንሳት ይበቃል። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀው የወረቀት ማሰሪያ ግን ጤነኛ ነው። እሱን ትተን፣ የላስቲኩን ቀሪ ከማሰሪያው አፍ ላይ ቆርጠን፣ አዲሱን ከጎኑ በሌላ ማሰሪያ አስገባን።

አዲሱ ላስቲክ ልብስ ሰፊዎች ለሱሪ ወገብ የሚያደርጉት 6 ሚሊ ሜትር የተጠለፈ ላስቲክ ነው፤ ሰኞ ገበያ ሞልቷል። የድሮው ባዶ ጎማ ነበር፤ የተጠለፈው ክር ስለለበሰ ቶሎ አይቀልጥም። ማሰሪያው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ 2.5 በ7 ሳንቲ ሜትር ወረቀት በስፋቱ ሦስት ቦታ ይከፈላል፤ ላስቲኩ አንደኛው ክፍል ላይ በኮላ ይተኛል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ኮላ፣ እንደገና ይታጠፋል፤ ከቱቦው አፍ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ይለጠፋል። ከዚያ ካነሰ የአፍንጫው አንገት ይመታዋል። በጣት ሳይሆን በእርሳስ ጎማ ጫፍ እየገፉ ለ2 ደቂቃ መያዝ ነው።

በላስቲኩ ፋንታ የባጃጅ ፍሬን ገመድ ክር ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አይቀልጥም፣ እውነት ነው፤ ሲወጠር ግን የካርቶኑን አፍ እንደ ዚፕ ወደ ታች ይተረትረዋል።

ጥቅምት 15

የአልፋ ክንፍ። ስባሪው ካለ አዲስ አይቆረጥም። የተሰበረው በእንጨቱ ጭረት በኩል ስለሆነ ጥርስ ለጥርስ ይገጣጠማል። ቀጭን ቪናቪል፣ ሁለቱም በኩል በላስቲክ ወረቀት በተሸፈነ ጠፍጣፋ ሰሌዳ መሐል፣ በላዩ መጽሐፍ፣ አንድ ሌሊት። ደሴ ማታ ስለሚቀዘቅዝ ኮላው ሳሎን ውስጥ እንጂ በረንዳ ላይ አይደርቅም፤ ቪናቪል ከቀዘቀዘ ነጭ ኖራ መስሎ ይቀራል፣ ከዚያ በጥፍር ይነሳል።

ከጠዋቱ ጀምሮ ስፌቱ አይታይም። ቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት፣ ሦስት ጊዜ ብቻ።

ጥቅምት 20

ስቲከሩ። የበርታ ነጭ ፊደሎች ቢጫ ሆነዋል፤ የቆየ ስቲከር ሁሉ ዕጣ ፈንታው ይህ ነው፣ የሚያቢጨው ላዩ ላይ ያለው ቫርኒሽ ነው። ፀሐይ ያነጣዋል። ገጹን ወደ ውጭ አድርጎ በንጹሕ ላስቲክ ከረጢት ከትቶ መስኮት መስታወት ላይ በስኮች መለጠፍ ነው። ደሴ ላይ ግን ጠዋት ጭጋግ ከጦሳ ተራራ ይወርዳል፤ ፀሐዩ አይበቃም። ወደ ኮምቦልቻ ተልኮ ወደ ምሥራቅ በሚያይ መስኮት ላይ ለ6 ቀን ተለጠፈ። በየማታው ይታያል። ቢጫው ከሄደ በኋላ ብዙ ከቆየ ሌላውም ቀለም መደብዘዝ ይጀምራል።

ከዳር ካለው የኩባንያ ምልክት ቁራጭ ተቆርጦ ተሞከረ፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ በ20 ሴኮንድ እንደ ብርጭቆ ተሰባበረ። ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ለዚህም ነው ሙከራ የሚደረገው። ቫርኒሹ ደርቆ ስለተሰነጠቀ መያዣ የለውም። ቀሪው ገጽ በቀለም ሱቅ በሚሸጥ አንጸባራቂ አክሪሊክ ስፕሬይ ሁለት ቀጭን ሽፋን ተሰጠው፣ በመሐሉ 1 ሰዓት። ከሽፋኑ በኋላ የተቆረጠ ሁለተኛ ቁራጭ ሳይሰበር ተንሸራተተ። ልብ መባል ያለበት፦ ከሽፋኑ በኋላ ስቲከሩ አንድ ገጽ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ፊደል ጠርዙን ተከትሎ በአዲስ ምላጭ መቆረጥ አለበት።

ጥቅምት 22

የበርታ ቱቦ አንድ ጫፉ ተጨፍልቋል፣ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል። የቢቲ-60 ግድግዳ ውፍረት ግማሽ ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሲጨፈለቅ የወረቀቱ ሽፋኖች ይላቀቃሉ። ቆርጦ ማሳጠር ቀላሉ መንገድ ነው፤ ቁመቷ ግን ይቀንሳል።

ከውስጥ የሚገባ ድጋፍ ያስፈልጋል። እዚህ ዕድል ቀናን፦ ለቧንቧ ሥራ የሚሸጠው ባለ 40 ፒቪሲ የውጭ ስፋቱ 40.0 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቢቲ-60 የውስጥ ስፋት 40.5። ካኪ ወረቀት አንድ ዙር ሲጠቀለልበት 40.2 ያህል ይሆናል፣ ኮላና ወረቀት እያከሉ 40.4 ሲደርስ ይቆማል። ፒቪሲው ላይ መጀመሪያ ሰም የተቀባ ወረቀት ካልተጠቀለለ ድጋፉ ይጣበቃል። የተጠቀለለው ድጋፍ 5 ሳንቲ ሜትር ተቆርጦ ከፒቪሲው ወጣ።

የተላቀቁት ሽፋኖች በመርፌ ቀዳዳ በተሰጠ ቪናቪል ተመገቡ፣ ድጋፉ ገባ፣ ከዚያ ፒቪሲው ራሱ ተመልሶ ውስጡ ገብቶ ቅርጹን ጠበቀ። ከውጭ የላስቲክ ወረቀት፣ በላዩ የጨርቅ ጥቅልል፣ 24 ሰዓት። ወጥቶ ሲለካ በአንድ በኩል 41.6፣ በሌላው 41.9። ይህ 0.3 ሚሊ ሜትር በኋላ በስቱኮ እና በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል። ሞተሩ በዚህ ጫፍ እንዲሆን ተወሰነ፤ ጠንካራው ጫፍ ለአፍንጫው ይቀራል፣ ምክንያቱም አፍንጫው ገብቶ የሚወጣው እዚያ ነው።

ጥቅምት 27 እስከ ኅዳር 3

ክንፎቹ። ከአራቱ ሁለቱን አይጥ በልታቸዋለች። ሁለቱ ደህና ናቸው፤ የፋብሪካው ማሽን ዳርቻቸውን ሳይቆርጥ ስለጨፈለቀው በምላጭ በጥንቃቄ ተላቀቁ። ተተኪው በምን እንጨት ይሠራ የሚለው ጥያቄ ሳምንቱን በላው።

እንጨት መሸጫው ውስጥ ያለው ቀጭን ሳንቃ ዋንዛ ነው። ያምራል፣ አይሰነጠቅም፣ ግን ይመዝናል። ባልሳ በአማካይ በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 0.16 ግራም አካባቢ ነው፣ የኛ የዋንዛ ቁራጭ 0.45 ወጣ። ክንፉ 60 ካሬ ሳንቲ ሜትር በ2.4 ሚሊ ሜትር ብንለው መጠኑ 14.4 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው፦ በባልሳ 2.3 ግራም፣ በዋንዛ 6.5። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ክንፍ ያለው ጭራ ላይ ነው። 62 ግራም የምትመዝን፣ ሚዛኗ (ሳታጋድል የምትቆምበት ነጥብ) ከአፍንጫ 35 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለች ሮኬት አራቱንም በዋንዛ ብናደርግ ክብደቷ በ16.8 ግራም ይጨምራል፣ ሚዛኗም 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል። ያ ማለት አንድ ሙሉ የቱቦ ስፋት ነው።

ይህ ቁጥር ለምን ያሳስባል? ሮኬት ቀጥ ብሎ የሚሄደው የክብደት ማዕከሉ ከነፋሱ የግፊት ማዕከል ሲቀድም ነው፣ የሚመከረውም ርቀት አንድ የቱቦ ስፋት ነው። የግፊት ማዕከሉን ከአፍንጫና ከክንፍ ቅርጽ ማስላት የሚቻልበትን ዘዴ በ1960ዎቹ ያወጣው የናሳው መሐንዲስ ጄምስ ባሮውማን ነው፤ እስከ ዛሬ የሚሠራበት እሱ ነው። ዋንዛው ያንን አንድ ስፋት ሙሉ ለሙሉ ይበላዋል። ሮኬቷም ተነሥታ ትዞራለች።

ሁለቱን ብቻ በዋንዛ ብናደርግ ሽሽቱ 2.3 ሳንቲ ሜትር ነው፣ በአፍንጫ ውስጥ 5 ግራም ያህል ጭቃ ቢጨመር ይመለሳል። ይሠራል፣ ግን ያለ ፍላጎት የተጨመረ፣ በክብደት ላይ ክብደት ነው። ሁለቱ ከባድ ክንፎች ደግሞ ተቃራኒ ካልሆኑ ሮኬቷ በጎን ታጋድላለች።

ሁለተኛው ሙከራ ቆርች ነው። አጥር ላይ የሚተከለው ቀይ አበባ ያለው ዛፍ፣ ግንዱ ሲደርቅ ቀላል ነው፤ የኛ ቁራጭ 0.27። ችግሩ ሸካራነቱ ነው፣ ጭረቱ ትልልቅ ስለሆነ በ2.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት እጥፍ ሲደረግ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቃል። መልሱ ወረቀት ማልበስ ሆነ፦ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ ሁለቱም ገጽ ላይ በአንድ ጊዜ፣ ውሃ ባልበዛበት ቪናቪል። በአንድ ጊዜ የሚለው ወሳኝ ነው። የመጀመሪያው ሙከራ በአንድ ገጽ ብቻ ተለጥፎ እንዲደርቅ ተተወ፣ ሲነጋ እንደ ገበቴ ተቆልምሞ ተገኘ። ኮላው ሲደርቅ ወረቀቱን ይስባል፣ ተቃራኒ ሳቢ ከሌለ እንጨቱ ተከትሎ ይታጠፋል።

የጭረቱ አቅጣጫ፦ የክንፉን የፊት ጠርዝ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ከቱቦው ጋር ትይዩ ከሆነ ክንፉ ሲያርፍ ከሥሩ ይሰበራል።

ወረቀት የለበሰው የቆርች ክንፍ 4.4 ግራም መዘነ፣ ከባልሳው በ2.1 ይበልጣል። ሁለቱ ቆርቾች ተቃራኒ ሆነው ይገጠማሉ፣ ሽሽቱ 1.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ አፍንጫው ውስጥ 3 ግራም ይበቃዋል።

ኅዳር 6

የበርታ አፍንጫ ጠፍቷል፤ አይጧ ለጎጆ ወስዳው ይሆናል። ተተኪው ከቃጫ ግንድ ይሠራል። የቃጫ ተክል አብቦ ሲደርቅ የሚተወው ረጅም ግንድ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነው፣ ከባልሳ የሚለየው ጭረቱ ክር ክር ማለቱ ነው። የውጭ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ይነሳል፤ ትንሽ እንኳ ከቀረ ቶርኖ ላይ ሲዞር አንዱ ወገን ይበላል፣ ሌላው ይቀራል፣ ክቡ እንቁላል ይሆናል።

ግንዱ በመሐሉ 8 ሚሊ ሜትር የእንጨት ዘንግ ተወግቶለት በእጅ ድሪል ላይ ተሰካ። ቢላዋ አይነካውም፤ ክሩን ይጎትታል። ከቁጥር 60 ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ፣ 120፣ 220። ርዝመቱና ኩርባው ከመመሪያው ሥዕል ወጥቶ በካርቶን ላይ ተቆረጠ፣ በየደቂቃው ካርቶኑ እየቀረበ ይለካል። ቱቦ ውስጥ የሚገባው አንገት 40.3 ሚሊ ሜትር ላይ ቆመ። ሲያልቅ ፈሳሽ ሱፐር ግሉ ጠጣ፤ ብዙ ይጠጣል፣ ደግሞም ይጨሳል፣ መስኮት ይከፈት።

ሥራውን ሲያይ የቆየው አናጺ ባልሳውንም ቃጫውንም በእጁ መዝኖ፣ «ይሄ እንጨት ነው ወይስ እንጀራ?» አለ።

ኅዳር 10

ገጠማ። የሞተር መያዣው ያለ ችግር ገባ። የሞተር መንጠቆው ብረት ዝጎ ስለነበር በዘይትና በቁጥር 400 ጸዳ።

የክንፍ ቦታ፦ የቢቲ-60 ዙሪያ 130.7 ሚሊ ሜትር፣ ለአራት 32.7። (ለአልፋ 77.9፣ ለሦስት 26.0።) ወረቀት ተጠቅልሎ ምልክቱ ከወጣ በኋላ ቀጥታ መስመሩ በአንግል ብረት ክርን ውስጥ ቱቦውን አስተኝቶ ይሰመራል፤ ማስመሪያ በክብ ላይ ይንሸራተታል፣ አንግሉ አይንሸራተትም። ክንፉ ሁለት ጊዜ ይለጠፋል፦ ቪናቪል ተቀብቶ ይነካል፣ ይነሳል፣ 5 ደቂቃ፣ እንደገና ተቀብቶ ይገጠማል።

የማስነሻ ዘንግ የሚያልፍበት ትንሽ ቱቦም ጠፍቷል። ዘንጉ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። የጁስ ቤት ስትሮ ሰፊ ነው፣ ሮኬቱ ዘንጉ ላይ ይንገዋለላል። መጠቅለያው የተገኘው ብየዳ ቤት ነው፦ ባለ 3.2 ኤሌክትሮድ፣ ነጩ ሽፋኑ ተራግፎ። ካኪ ወረቀት ሦስት ዙር፣ ኮላ፣ በእርጥብነቱ ማንሸራተት።

ኅዳር 14

ቀለም፣ የመጀመሪያ ሙከራ። ሲለር ሁለት ጊዜ፣ በመሐሉ 400፣ ከዚያ ጥቁር ዱኮ። ጠዋት በ2 ሰዓት ተረጨ፣ በ3 ሰዓት ጥቁሩ አመድ መስሎ ነጣ።

ምክንያቱ ይታወቃል። ቲነሩ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ የጠዋቱ አየር ደግሞ እርጥብ ነው፣ ጤዛው ቀለሙ ውስጥ ገብቶ ይያዛል። ደሴ ላይ ዱኮ የሚረጭ ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት አይጀምር፣ ከ9 ሰዓት በኋላም አይቀጥል። የነጣው አልተፋቀም፤ በቀጭን ቲነር ብቻ ከሩቅ ተነፋበት፣ ቀለሙ ለስልሶ እርጥበቱን ለቀቀ፣ ጥቁሩም ተመለሰ።

ሌላ የተሞከረ፦ አልፋ ላይ የነበረው የድሮ ቀለም የዘይት ቀለም ነው። ዱኮ በላዩ ሲደረግ እንደ ሽማግሌ ግንባር ተጨማደደ። ደግነቱ የተሞከረው ቁራጭ ወረቀት ላይ በተቀባ ተመሳሳይ ናሙና ነበር። የአልፋ ቀለም እንዳለ ቀረ፣ ተጭሮ የነበረው ቦታ ብቻ በብሩሽ ተነካ።

ኅዳር 21

ስቲከሩ ተለጠፈ። ቀለሙ ከተረጨ 6 ቀን አልፎታል። ለብ ያለ ውሃ 40 ሴኮንድ፣ ከዚያ በጣት ሳይነካ በእርጥብ ብሩሽ ወደ ቱቦው መግፋት። ውሃው ውስጥ አንድ ጠብታ ቪናቪል ጨምረናል፣ ምክንያቱም የዕድሜ ጠገቡ ስቲከር የራሱ ማጣበቂያ ግማሹ ሄዷል። ከፊደሎቹ አንዱ ጫፉ ተነሳ፤ የተቀደሰ ትዕግስት፣ እርጥብ ጥጥ እና ተጨማሪ 10 ደቂቃ።

ክፍሉ ውስጥ ቡና ሲፈላ እጣን እንዳይጨስ ተጠየቀ። የእጣን ጢስ ሙጫ ነው፣ አዲስ ገጽ ላይ ሲያርፍ ያቢጨዋል። ጀበናው ወደ በረንዳ ወጣ፤ ሦስቱም ስኒ እዚያው ተጠጣ።

ፓራሹቶቹ፦ የአልፋ 30 ሳንቲ ሜትር ላስቲክ ተጣብቆ ነበር፣ በፓውደር ተላቀቀ። የበርታ ከታጠፈበት ሁሉ ተሰንጥቋል፤ ተገልብጦ ከቀጭን ላስቲክ በ45 ሳንቲ ሜትር ተቆረጠ። ገመዱ በሰም የታሸ የፈትል ክር፣ እያንዳንዱ ከፓራሹቱ ስፋት አያንስም።

ኅዳር 24

የማወዛወዝ ሙከራ። ባዶው የሞተር ካርቶን በጭቃ ተሞልቶ ወደ 24 ግራም ደረሰ፣ ሙሉ ሲ6-5 የሚመዝነው ያህል። ከባዱ ሞተር የሚመረጠው ጭራ ስለሚያከብድ ነው፤ በዚህ ከቆመ በሌላውም ይቆማል። ሮኬቷ ሚዛኗ ላይ በ2.5 ሜትር ሲባጎ ታስራ፣ ሲባጎው በስኮች እንዳይንሸራተት ተይዞ፣ ሜዳ ላይ በራስ ዙሪያ ተሽከረከረች።

በመጀመሪያው በጎን ሄደች። 3ቱ ግራም አልበቃም፤ ሲለሩና ዱኮው ክንፎቹ ላይ 1.8 ግራም ጨምረው ኖሯል፣ ይህን ማንም አላሰበው። አፍንጫው ውስጥ ሌላ 2 ግራም ጭቃ ታከለ። አሁን አፍንጫዋ ቀድሞ፣ ጭራዋ ተከትሎ፣ ሦስት ዙር ቀጥ ብላ ዞረች። አልፋ ያለ ምንም ማስተካከያ አለፈ።

የመጨረሻ ክብደት፦ አልፋ 23.4 ግራም፣ በርታ 71.2።

ቀሪ፦ የበርታ ዋና መመሪያ ወረቀት እጥፋት ላይ ተቀዷል፣ ስንዴ ኮላ እየተዘጋጀለት ነው። ባዶው የሴንቹሪ ቱቦም 1.04 ኢንች ለሚገጥመው አፍንጫ ይጠብቃል፤ እስከዚያ ሁለት ከረጢት ሲሊካ ጄል ገብቶበት፣ ከአይጥ ርቆ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል።